ነጻ ምርመራ

ሬሀና የግፊት መለኪያውን ጨርቅ እንደገና ልትጠመጥምባት ስትል ጓደኛዋ ራውዳ ክንዷን ነጠቀቻት።

"በቃሽ፣ ክንዴ ደነዘዘ።"

"ማሽኑ እየሠራ መሆኑን ላረጋግጥ ነው።"

"ማሽኑ ይሠራል። እኔም እሠራለሁ። የማይሠራው ማስታወቂያሽ ነው።"

ሬሀና ወደ በሩ አየች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የሚገባበት ግን ሙቀት ብቻ ነው። አዳራሹ ደማም ከተማ፣ ባዲያ የሚባል ሰፈር ውስጥ ያለ፣ ዓርብ ዓርብ የሚዘጋ አፀደ ሕፃናት ነበር። ግድግዳው ላይ ቀጭኔና ዝሆን ተሥለዋል፤ ወንበሮቹ ከጉልበት አያልፉም። አረንጓዴ ሰደርያ የለበሱ የነርሲንግ ተማሪዎች እነዚያ ወንበሮች ላይ ተኮራምተው ስልካቸውን ይነካካሉ። ሳዑዲያዊቷ ተማሪ ሸይኻ ለእንግዶቹ ብላ የገዛችውን ዶናት የስኳር መለኪያው ጠረጴዛ ላይ ደርድራ፣ እንግዳ ሲጠፋ ራሷ መብላት ጀምራለች።

"ሬሀና፣ አንቺም ብዪ" አለቻት በዐረብኛ። "ሳይመጡ ይደርቃል።"

"ይመጣሉ።"

"ኢንሻአላህ። ቸኮሌቱን ግን አላስቀምጥላቸውም።"

ሸይኻ ክፉ ልጅ አይደለችም። ችግሩ ሁለቱም አንድ ነገር መፈለጋቸው ነው። የሴት ተማሪዎች የበጎ ፈቃድ ኮሚቴ አዲስ ኃላፊ ሊሾምለት ነው። ሸይኻ የኹበርን የባሕር ዳርቻ በየዓርቡ እናጽዳ ብላለች። ሬሀና ደግሞ በሰው ቤት ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች በዕረፍት ቀናቸው የደም ግፊትና የስኳር ልኬት እንስጥ ብላ ተከራክራለች። የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊዋ ኡስታዛ ሙኒራ ሁለቱንም አዳምጠው በአጭሩ ቋጩት። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከመግሪብ በፊት እመጣለሁ፤ ሰው ካገኘሁ ኮሚቴውን ሬሀና ትመራለች፣ ባዶ አዳራሽ ካገኘሁ ኸላስ፣ ወደ ባሕሩ እንሄዳለን።

ሬሀና መምራት እንደምትፈልግ ደብቃ አታውቅም። ሌላ ሰው ሲመራ ማየት ያደክማታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ወንበር ስትሸከምና ውኃ ስታድል እያንዳንዱን ዝግጅት በልቧ እንደ አዲስ ስታቀናብር ኖራለች። አሁን የራሷ ዝግጅት ደርሶ ሰው የለም።

"ውጭ ወጥቼ ላምጣቸው" አለች።

"ሰው እየጎተትሽ ልታመጪ?" አለች ራውዳ።

"ካስፈለገ።"

የዐስር ሰላት አብቅቶ ሱቆች ከፍተዋል። ዓርብ ከሰዓት ባዲያ የእኛ ሰዎች ይበዙበታል፤ ከየሰፈሩ ዕረፍት ያገኙ ሴቶች ብር ሊልኩ፣ ዕቃ ሊገዙ፣ ከአገራቸው ሰው ጋር ሊያወሩ ይመጣሉ። ሬሀና ጥግ ላይ ቆማ ሦስት ሴቶች በአማርኛ እየተሳሳቁ ሲመጡ አየች።

"እህቶች" ብላ ተጣራች።

ሦስቱም ቀና አሉ። መጀመሪያ ፊቷን፣ ከዚያ አረንጓዴ ሰደርያዋን አዩ። ሳቁ ተቋረጠ። ሁለቱ መንገዱን ተሻገሩ። ሦስተኛዋ፣ ፌስታል የያዘች ወፈር ያለች ሴት፣ መሻገሪያው በመኪና ስለተዘጋባት ወደ ኋላ ዞራ መራመድ፣ ከዚያ መሮጥ ጀመረች።

ሬሀና የሚሸሽ ሰው ስታይ ቆማ የምታስብ ዓይነት አይደለችም። ተከተለቻት። ሴትዮዋ ዓባያዋን ሰብስባ የሸቀጥ ሱቅ ውስጥ ጥልቅ አለች። ሬሀና ስትገባ ሕንዳዊው ሻጭ ሳይጠየቅ በአገጩ ከሩዝ ከረጢቶቹ ጀርባ ጠቆማት። ሴትዮዋ እዚያ ቆማ የቲማቲም ድልህ ጣሳ አንሥታ የተጻፈበትን እንደምታነብ ሆናለች። ጣሳው ተዘቅዝቋል።

"እህቴ፣ ይቅርታ፣ ላስደነግጥሽ አልነበረም።"

"ማፊ አማርኛ" አለች ሴትዮዋ ጣሳውን ሳትለቅ። "አማርኛ የሚባል አልችልም።"

"አሁን የተናገርሽው እኮ አማርኛ ነው።"

ሴትዮዋ ጣሳውን ወደ ቦታው መለሰች። ትንፋሿ አልተሰበሰበም። "የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ አላለቀም። ማዳሜ ራሷ ናት ሂጂ ያለችኝ። ያጠፋሁት ነገር የለም።"

"ማን አጠፋሽ አለሽ?"

"እናንተ ናችኋ። ለምርመራ ቅረቡ ብላችሁ በትናችሁ የለም እንዴ?"

"የጤና ምርመራ ነው እኮ።"

"ጤና የሚል የታለ?"

ሴትዮዋ ከፌስታሏ ስልክ አውጥታ ፊቷ ላይ ደቀነችው። ሬሀና የራሷን ማስታወቂያ አነበበች። ብዙ ጊዜ አንብባዋለች፤ እንደ ሌላ ሰው ጽሑፍ ስታነበው ግን የመጀመሪያዋ ነው።

"በደማምና አካባቢዋ ለምትገኙ ኢትዮጵያውያን ሴቶች በሙሉ። ዓርብ ከዐስር ሰላት በኋላ ባዲያ ነጻ ምርመራ ስለሚካሄድ ኢቃማችሁን ይዛችሁ በአካል እንድትቀርቡ በጥብቅ እናሳስባለን።"

ጤና የሚል ቃል የለም። ከግርጌው የሐኪም ማዳመጫ ሥላበት ነበር፤ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ሥዕሉ ተቆርጦ የቀረው የኮሌጁ አረንጓዴ አርማ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ለማያውቀው ሰው የመንግሥት ማኅተም ይመስላል።

ሬሀና ደማም ተወልዳ ደማም ነው ያደገችው። ቤት ውስጥ አማርኛ ታወራለች፤ ፊደልም እናቷ አስቆጥራታለች። ረዘም ያለ የአማርኛ ጽሑፍ ያነበበችው ግን አባቷ ፓስፖርት ሊያሳድስ ሪያድ ኤምባሲ ሲወስዳት፣ ሰልፍ ላይ ቆማ፣ ግድግዳ ላይ ነው። ስለዚህ ለሰው የሚጻፍ አማርኛ ሁሉ "በሙሉ" ብሎ ጀምሮ "በጥብቅ እናሳስባለን" ብሎ የሚያልቅ ይመስላታል። ኢቃማ ይዛችሁ ኑ ያላትም የለም። ያለ እሱ ማስታወቂያ ሙሉ ስላልመሰላት ራሷ ናት የጨመረችው።

"ነጻ ይላል እኮ" አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ። "ነጻ የሚል ፖሊስ አለ?"

"በእሱማ ስንጨቃጨቅ ከረምን። ገሚሱ መርምረው ነጻ ነሽ ብለው የሚለቁበት ነው አለ። ሐቢባ ግን ወጥመድ ነው አለች።"

"የቷ ሐቢባ?"

ሴትዮዋ የድምፅ መልእክቱን ከፈተችው። ሻጩ ሳይቀር ጆሮውን አቆመ።

"አሰላሙ ዐለይኩም እህቶቼ፣ ክርስቲያኖችም እንደምን ዋላችሁ። ዓርብ ባዲያ ምርመራ አለ ይላል ወረቀቱ። ነጻ ነው ይላል። እኔ የምላችሁ፣ መግባቱ ነጻ ይሆናል፣ መውጫውን ግን አልጻፉም። አሠሪ ካፊሎቻችሁ ጠፋች ብለው ሁሩብ ያስመዘገቡባችሁ በዚያ በኩል እንዳታልፉ። ኢቃማ ያላችሁም ብትሆኑ፣ ምን ሠራን ብላችሁ ነው የምትመረመሩት? አላህ ይጠብቀን፣ ለሌሎችም አስተላልፉ።"

ሬሀና ዓይኗን ጨፈነች። ይህን ድምፅ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ሐቢባ የእናቷ ታናሽ እህት ናት። ሙሐመዲያ ሰፈር ከአንድ ቤተሰብ ጋር ለዓመታት ሠርታለች፤ ዓርብ ዓርብ እዚሁ ባዲያ ከጓደኞቿ ጋር በተከራየችው ክፍል ታርፋለች። የደማም ሴቶች የዋትሳፕ ግሩፕ ሁሉ እሷ የሌለችበት የለም። ሬሀና ስለ ዛሬው ዝግጅት ያልነገረቻት ሆን ብላ ነው፤ ብትነግራት ሁሉንም ነገር እኔ ልምራ እንደምትል ታውቃለች።

"ስምሽ ማን ነው?" አለቻት ሴትዮዋን።

"ልትጽፊው ነው?"

"አይደለም። ልጠራሽ ነው።"

"ቦሰና።"

"ቦሰና፣ እኔ ሬሀና እባላለሁ። ሐቢባ አክስቴ ናት። ነይ አብረን እንሂድና አንቺ ራስሽ ትሰሚያለሽ።"

ቦሰና አረንጓዴውን ሰደርያ በዓይኗ ለካችው። "ሰደርያውን አውልቂው እንግዲያው። አብሬሽ ስሄድ ያዩኝ እንደሆነ ተያዘች ይላሉ።"

ሐቢባን ፀጉሯን ሒና ተቀብታ፣ ጭንቅላቷን በፕላስቲክ ጠቅልላ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ አገኟት። የእህቷን ልጅ ከማታውቃት ሴት ጋር በር ላይ ስታይ አልተነሣችም፤ ፕላስቲኩን ብቻ በእጇ ደገፍ አደረገች።

"ሬሁ? ምነው፣ ሰላም ነው? እናትሽ ደኅና ናት?"

"ደኅና ናት። ያን ማስታወቂያ የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"የትኛውን?"

"የምርመራውን።"

"አስተግፊሩላህ" አለች ሐቢባ። "ሳምንቱን ሙሉ ስራገም የከረምኩት አንቺን ነው ማለት ነው?"

"ተራገምሽኝ?"

"ትንሽ። ስምሽን አላወቅሁም እንጂ ባውቅ አልራገምም ነበር።" ከዚያ ሳቋ መጣ። ፕላስቲኩ እስኪንሸራተት ሳቀች። ቦሰናም አልቻለችም፣ በነጠላ ጫማዋ ወለሉን እየመታች አብራት ሳቀች። ሬሀና መሃላቸው ቆማ ሰዓቷን አየች።

"አክስቴ፣ ጊዜ የለኝም። አዳራሹ ባዶ ነው። ኡስታዛዋ ከመግሪብ በፊት ይመጣሉ። ሰው ካላገኙ ሁሉም ነገር ይቀራል፣ እኔም እቀራለሁ። ሌላ መልእክት ላኪልኝ። ተማሪዎች ተሳስተው ነው፣ የጤና ነው በያቸው።"

"'ተማሪዎች' ማን ናቸው? ማን ያውቃቸዋል? ልጄ፣ እኔ አንድ ጊዜ እንዳትሄዱ ብዬ፣ ዛሬ ዞሬ ሂዱ ብል፣ ሐቢባን ያዟትና አስገድደው አናገሯት ነው የሚሉት። የሰው ስም ያስፈልጋል። የሚያውቁት ሰው።"

"የእኔን?"

"የማንን ልትይ ነው?"

"በስሜ ከተላከማ በቃ። ከዛሬ በኋላ ደማም ውስጥ በምን ፊት ነው የምሄደው?"

"በእግርሽ ሂጂ" አለች ሐቢባ፣ እጇን ዘርግታ ፍራሹ ላይ ያለውን ስልኳን እያነሣች። "ደግሞ ያልሽውን ሁሉ አንቺው ራስሽ ትናገሪዋለሽ። እኔ መንገድ እከፍትልሻለሁ።"

ሬሀና የኮሚቴ ኃላፊ ስትሆን የምታደርገውን ንግግር በልቧ ካዘጋጀች ቆይታለች። እንዲህ የሚጀምር አልነበረም። ወደ መስኮቱ አየች፤ ብርሃኑ መቅላት ጀምሯል።

"እሺ። ቶሎ በይ።"

ሐቢባ ጉሮሮዋን ጠረገች። "አሰላሙ ዐለይኩም እህቶቼ፣ ሐቢባ ነኝ፣ ማንም አልያዘኝም። ያ ምርመራ የተባለው የፖሊስ አይደለም፣ የደም ግፊት ነው። መርማሪዋ ማን እንደሆነች ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ የእህቴ ልጅ ሬሀና ናት። አባቷ ያ ኤሲ የሚጠግነው ሙዐዝ ነው፣ ታውቁታላችሁ። ልጅቷ አማርኛ አይሆንላትም እንጂ ግፊት መለካት ትችላለች። አሁን ራሷ ታናግራችኋለች።" ስልኩን ሬሀና አፍ ላይ አስጠጋችው።

ሬሀና ትንፋሽ ሳትወስድ ተናገረች። "ሬሀና ነኝ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ተሳስቻለሁ። ኢቃማ አንጠይቅም። ፎቶ አናነሣም። ግፊትና ስኳር ለክተን፣ ውጤቱን ነግረናችሁ ትሄዳላችሁ። አፀደ ሕፃናቱ ጋ ነን፣ ዶናት አለ። ከመግሪብ በፊት ካልመጣችሁ ኮሚቴው ወደ ባሕር ይሄዳል።"

ሐቢባ ላከችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ "ማን ነው ወደ ባሕር የሚሄደው?" አለች።

"ተይው። ረጅም ነው።"

"በቃ፣ ባሕር ሊወረውሯት ነው ብለው አዝነው ይመጣሉ" አለች ቦሰና።

በመጀመሪያ የመጡት ሴቶች በር ላይ ቆመው አንገታቸውን ብቻ አስገቡ። ቦሰና ከውስጥ ሆና እጇን ስታወዛውዝላቸው አንድ በአንድ ገቡ። ከዚያ ሌሎች መጡ፤ ከዚያ ሐቢባ፣ ሒናዋን ሳትታጠብ፣ ፕላስቲኩ ላይ ሻርፕ ጠምጥማ፣ ከኋላዋ ብዙ ሴቶች አስከትላ ደረሰች። ትንንሾቹ ወንበሮች አልበቁም። የተቀመጡት ለመነሣት ጎረቤት መያዝ ነበረባቸው፤ በዚያ ይሳሳቁ ነበር።

"መርማሪዋ የታለች?" እያለ ነው የሚገባው ሁሉ።

"ያቻትና። ሰደርያ ያደረገችው።"

"ይቺ ልጅ ናት? እኔማ ባለ ዱላ መስላኝ።"

"ተናዘዥ አትበይኝ ብቻ" አለች አንዷ ክንዷን እየዘረጋች። "ማታ ማታ የማዳምን ቴምር እበላለሁ፣ ይኸው፣ ሳልመታ ተናገርሁ።"

"ስንት ትበያለሽ?" አለች ሬሀና።

"ይሄ ለግፊቱ ነው ለስኳሩ?"

"ለስኳሩ።"

"እንግዲያው ትንሽ ነው።"

ሬሀና መጀመሪያ መርማሪዋ ባሏት ቁጥር ጆሮዋ ይግል ነበር። በኋላ ግን ጊዜ አጣች። ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየተሯሯጠች ራውዳን ወደ ስኳሩ፣ ሌላዋን ወደ በሩ ላከች፤ ሸይኻን ዶናቱን ከስኳሩ ጠረጴዛ አንሥታ መውጫው ጋ እንድታደርግ ነገረቻት። ሸይኻ አማርኛ አትችልም፤ ሴቶቹ ግን የቤት ውስጥ ዐረብኛቸው የተባ ስለሆነ ወዲያው ተግባቡ፤ የአንደኛዋ ማዳም የሸይኻ አክስት ጎረቤት ሆና ተገኘች፤ ስለ ማዳሟ የሚወራውም በሹክሹክታ ቀጠለ።

የቦሰና ተራ ደረሰ። ማሽኑ ጮኾ ሲያበቃ ሬሀና ቁጥሩን አየች፤ ከፍ ያለ ነው።

"ቦሰና፣ ግፊትሽ ጨምሯል።"

"ስሮጥ ነዋ።"

"ምን አስሮጠሽ?"

"አንቺ።"

ዙሪያቸው ያሉት ሁሉ ሳቁ። ሬሀናም ሳታስበው ሳቀች። "ትንሽ አረፍ በይና እንደገና እለካሻለሁ" አለች። አረፍ ብላ ሲለካ ወረደ፤ የወረደው ግን የሚፈለገውን ያህል አልነበረም። ሬሀና ጎንበስ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ አድርጋ፣ ጨው መቀነስ እንዳለባትና በሚቀጥለው ዓርብ እንደገና መለካት እንዳለባት ነገረቻት። ቦሰና ቀልዱን ትታ አዳመጠች። "ራሴን የሚያመኝ ለካ በእሱ ነው" አለች። "እኔ የማዳሜ ልጆች ጩኸት መስሎኝ።"

ኡስታዛ ሙኒራ የደረሱት የመግሪብ አዛን ሊል ጥቂት ሲቀረው ነው። በሩ ላይ ቆሙ። አንድ እግራቸውን አስገብተው ሌላውን የሚያሳርፉበት ቦታ አጡ። ወንበር ላይ፣ ወለል ላይ፣ የዝሆኑ ሥዕል ሥር ሴቶች ተቀምጠዋል፤ ሐቢባ መሃል ቆማ ተራ ታስከብራለች።

"ይህች ማን ናት?" አሉ ኡስታዛዋ።

"አክስቴ ናት" አለች ሬሀና። "ማንም አልሾማትም።"

"ምንድን ነው እነዚህ ሁሉ የሚጠሩሽ? መር... መርማሪ?"

ሬሀና ወደ ማሽኑ ጎንበስ አለች። ራውዳ ግን ከስኳሩ ጠረጴዛ ሆና ወደ ዐረብኛ መለሰችላቸው፤ ታሪኩንም ከሱቁ እስከ ሒናው ጨመረችላቸው። ኡስታዛ ሙኒራ በሥራ ላይ የማይስቁ ሴት ናቸው ይባላል። ኒቃባቸው ሲንቀጠቀጥ ታየ።

"ስለዚህ እነዚህን ሁሉ ያባረርሻቸውም አንቺ፣ ያመጣሻቸውም አንቺ" አሉ።

"አዎ።"

"ማመካኛ የለሽም?"

"ጊዜ አልነበረኝም።"

ኡስታዛዋ አዳራሹን ደግመው ዞረው አዩ። "ኸላስ። ኮሚቴው ያንቺ ነው። የሚቀጥለውን ዓርብ ኹበር ሸማሊያ አድርጉት፤ እዚያ የማውቀው አዳራሽ አለ። ማስታወቂያውን ዛሬውኑ ላኪ፣ ሳምንቱን ሙሉ ይዙር። ማዕረግሽንም ጻፊበት፣ ሰው ኃላፊው ማን እንደሆነ ይወቅ።" ሊወጡ ዞረው፣ "ሸይኻን ምክትል አድርጊያት፣ ሰው ትወዳለች" አሉ።

"ባሕሩስ?" አለች ሸይኻ።

"ባሕሩ የትም አይሄድም።"

ሴቶቹ ተራ በተራ ወጡ። ራውዳ ማሽኖቹን ሳጥን ውስጥ ስትከት፣ ሐቢባ "ፀጉሬ ደረቀ፣ ካፊሌ ቀይ ሆኜ ሲያየኝ ምን ይላል" እያለች ስትሄድ፣ ሬሀና ከጉልበት የማያልፍ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስልኳን አወጣች። በዚህ ጊዜ ሪያድ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አላሰበችም። አክስቷ በር ላይ ቆማ ስትናገር እንደምትለው አድርጋ ጻፈች።

"እህቶች፣ በሚቀጥለው ዓርብ ኹበር ሸማሊያ ነን። የደም ግፊትና ስኳር በነጻ እንለካለን። ኢቃማ አንጠይቅም። እንደተመቻችሁ ኑ።"

ከሥሩ፦ "ሬሀና ሙዐዝ፣ የበጎ ፈቃድ ኮሚቴ ኃላፊ።"

ራውዳ ከትከሻዋ በላይ አነበበችው። "ጥሩ ነው። ግን ኹበር ማን ያውቅሻል? ኃላፊ ሲባል ደግሞ የቢሮ ሰው ይመስላል።"

ሬሀና ቃሉን አየችው። ኃላፊ። ሁለት ዓመት ሙሉ ወንበር የተሸከመችለት ቃል ነው፤ ተጽፎ ሲታይም ያምራል። ውጭ መንገዱ ላይ ሴቶቹ ገና እየተጠራሩ ናቸው፤ አንዷ በስልክ ኹበር ላለች ጓደኛዋ ስለ መርማሪዋ እየጮኸች ትነግራለች።

"የበጎ ፈቃድ ኮሚቴ ኃላፊ" የሚለውን አንድ በአንድ ደመሰሰችው። በቦታው "መርማሪዋ" ብላ ጻፈችና ለአክስቷ ላከችው።